ቆጥ ላይ ናስ መቁረጥ

ስስ የናስ ላሜራ በምን እንደሚቆረጥ የሚጠይቀኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ቢያጋጥመኝ ግን ከመመለሴ በፊት እኔም አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፦ ቤትህ ስንት ክፍል ነው? መሣሪያ የሚመረጠው በእጅ ጥበብ ብቻ የሚመስለው ሰፊ ቤት ያለው ሰው ነው። እኔ የምሠራው ቂርቆስ፣ እናቴ ቤት፣ ቆጥ ላይ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ቆጡ ከጣሪያው ሥር በሳንቃ የተሠራ መኝታዬ ነው፤ ቁጭ ብዬ እንኳ ካላጎነበስኩ ራሴ ቆርቆሮውን ይመታል። እናቴ የምትተኛው ከሥሬ ነው። ስገላበጥ አቧራው እሷ ላይ ይወርዳል፤ እሷ ስታስል እኔ ሳንቃው ላይ እነቃለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ።

የምሠራው ሊቶሪና ነው። ሊቶሪና ድሮ ከለገሃር ተነሥታ ወደ ድሬዳዋ ትሄድ የነበረች፣ በናፍጣ የምትንቀሳቀስ ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር ናት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ግን አንድም ቀን ባቡሩ ላይ አሳፍሮን አያውቅም። አሁን ክንዴን የምታህል ሊቶሪና ከናስ እየሠራሁ ነው። ቀን ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ የሰው ሕንፃ ፕላን እስላለሁ፤ ማታ ወደ ቂርቆስ በእግሬ እመለስና ቆጤ ላይ እወጣለሁ። ለምን ባቡር ካላችሁኝ፣ የትም ስለማልሄድ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት የላሜራ መቀስ ነበር። ለጣሪያ ሠሪ ግሩም ዕቃ ነው። ስሱን ናስ ግን ይቆርጥና ጠርዙን ይጠቀልለዋል። የተጠቀለለውን በእንጨት መዶሻ ለማቃናት ስሞክር ጎረቤታችን ግድግዳውን ደበደበው። ጎረቤታችን ከወሎ የመጣ ልብስ ነጋዴ ነው፤ ግድግዳችን አንድ ነው፣ ያውም ጭቃ። ጠዋት በር ላይ ሲያገኘኝ “አንተ፣ ባቡሩ መቼ ነው የሚነሣው? ለእኔና ለልጆቼ ወንበር ያዝልን እንጂ!” ይለኛል። አንድ ማታ ግድግዳውን ሳይደበድብ ከቀረ እናቴ “ምነው፣ አሞት ይሆን?” ብላ በማግስቱ ልትጠይቀው ትሄዳለች።

ከመቀሱ ቀጥሎ ሰጌቶ ሞከርኩ፤ ብረት የሚቆርጡበትን የታወቀውን መጋዝ ማለቴ ነው። የባሰ ሆነ። የመጋዝ ሁለት ሦስት ጥርስ በአንድ ጊዜ የላሜራውን ውፍረት ካልያዘ መጋዙ መቁረጡን ትቶ ይነክሳል። ናሱን ነክሶ ቀደደው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ወደ ከተር፣ ወደ ወረቀት መቁረጫው ምላጭ፣ ወረድኩ፦ የብረት ማስመሪያ አስደግፎ ደጋግሞ መጫር፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ መስበር። ያምራል፣ ድምፅም የለውም። ግን ቀጥ ያለ መስመር እንጂ ሌላ አያውቅም። ሊቶሪና ደግሞ መስኮቷ ብዙ ነው፤ የመስኮቷም ጥግ ክብ ነው። በላሜራው መሐል ቀዳዳ መክፈት መቀስም ከተርም አይችሉም።

ስለዚህ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙትን መጋዝ ገዛሁ። ስለቱ ከክር አይወፍርም። በላሜራው መሐል በትንሽ መብሻ ትበሳለህ፣ ስለቱን በቀዳዳው ታሾልካለህ፣ እንደ ክራር ክር ወጥረህ ታስራለህ፣ ጥርሱን ወደ ታች አድርገህ በእርጋታ ትስባለህ። በጉልበት የሳበው ሰው ስለት ሲሰብር ይውላል። እንዳይይዝ ሰም ይቀባል፤ እኔ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ይዛ የምትመለሰውን የጧፍ ቁራጭ እቀባዋለሁ፤ ስታውቅ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር። መስኮት የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። አንድ ጉድ ግን አለው፦ ይጮኻል። ናስ ሲቆረጥ የሚያወጣው ሲጥታ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

“ኧረ ጥርሴን! ዛሬም አልበቃህም?” ትላለች እናቴ ከታች።

“ትንሽ ነው የቀረኝ እማዬ።”

“ቆይ፣ ዛሬ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ገብርኤል እኮ ነው!”

ሁልጊዜም ማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ አምስት የሰፈራችን ቂርቆስ፣ ከዚያ ገብርኤል፣ ከዚያ ማርያም፣ በማግስቱ ኡራኤል። ይኼ ሥራ ሳይሆን ጨዋታ ነው ብዬ ተከራክሬያታለሁ። “መጋዝ ይዞ የሚጫወት አዋቂ አላየሁም” አለችኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ማለቴ እኔ ተስማማሁ። በአዘቦት መጋዝ፣ በበዓል ከተር። ከተሩ ድምፅ ስለሌለው ቅዱሳኑ አይሰሙትም መሰለኝ። ባቡሬ ጎንና ጎኗ በበዓል፣ መስኮቷ በአዘቦት እየተሠራ እንዲህ ዓመታት ሄዱ። አንዳንዴ ንድድ ይለኝ ነበር። ሰው በገዛ እጁ የሚይዘውን መሣሪያ እንኳ እንዴት አይመርጥም?

ኡራኤል አካባቢ ፋርማሲ የምትሠራ ሴት አለች። ሦስት ዓመት ጠብቃኛለች። በየምሳ ሰዓቱ ከካዛንቺስ ወደ እሷ እሄዳለሁ፤ ሻይ እንጠጣለን፤ ስለምንገባበት ቤት እናወራለን። ቤቱን ያገኘችው እሷ ናት፤ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ መኝታ ቤት። እዚያ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል። አከራዩ እሑድ ሁለታችንም ቀርበን እንድንፈርም ነገራት።

“እኔ እናትህን ጥለሃት ና አላልኩህም” አለችኝ። “ማለቴ፣ ትምጣ። ሳሎኑ ላይ አልጋ እንዘረጋላታለን። ግን ንገራት። በቃ፣ ከእሑድ በፊት ንገራት።”

እናቴ አትመጣም። ከቂርቆስ የምትወጣው ተሸክመዋት ሲወጡ ብቻ እንደሆነ መላው ሰፈር ያውቃል። ቤተ ክርስቲያኗ፣ ዕድሯ፣ ግድግዳ የሚደበድብ ጎረቤቷ እዚህ ናቸው። ክረምት ላይ ግቢው ውስጥ ከወደቀች ወዲህ ደግሞ ማታ ብቻዋን አትሆንም። አንዷ እህቴ አዳማ፣ አንዷ ሐዋሳ ናቸው፤ ሲደውሉ የሚሉት አንድ ነው፦ “አንተ አለህ አይደል፤ እኛማ በአንተ ነው እንቅልፍ የምንተኛው።” እነሱ እንዲተኙ እኔ ቆጥ ላይ አለሁ። እናቴን እወዳታለሁ። ከዚያ ቤት መውጣት ደግሞ እንደ አየር ያስፈልገኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንድ ክፍል ግን ለሁለቱ አይበቃም።

ያን ሳምንት በየማታው ልነግራት መሰላሉን ወረድኩ። እፊቷ እቆምና “ውኃ ላምጣልሽ?” እላታለሁ። ጠጥታ ጠጥታ “ልጄ፣ ዛሬ ምን ነካህ? ልታፈነዳኝ ነው እንዴ!” አለችኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተመልሼ እወጣለሁ።

ቅዳሜ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ከመንገሬ በፊት ቢያንስ ጆሮዋን ላሳርፈው አልኩ። ለዓመታት ያማረረችበትን ሲጥታ አንድ ማታ እንኳ ሳትሰማ ተኝታ ታድር፤ ጠዋት ከቅዳሴ ስትመለስ ደስ ብሏት ሳገኛት እነግራታለሁ። እስከ ዛሬ ያላየሁት ዓይነት፣ ጥርሱ በዓይን የማይለይ ስለት ገዛሁ። በአሸዋ የሞላሁት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ከናሱ ሥር አነጠፍኩ፤ ላሜራው ሲንቀጠቀጥ ነው የሚጮኸው፣ አሸዋው ደግሞ መንቀጥቀጡን ይውጠዋል። ሰም ቀባሁ። ሳብኩ። ምንም! የሚሰማው እስትንፋሴ ብቻ ነበር። መስኮቱ እንደ ቅቤ ተቆረጠ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የካ አባዶ ላይ ጠረጴዛዬን የማስቀምጥበትን ጥግ ሳይቀር መረጥኩ።

ከዚያ መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞር ስል የእናቴ እጅ የቆጡን ጠርዝ ይዟል። ቀስ ብሎ ሻሿ ብቅ አለ፣ ከዚያ ፊቷ። ከወደቀች ወዲህ በዚያ መሰላል ወጥታ አታውቅም።

“አለህ?” አለችኝ።

“አለሁ እማዬ! ምን ሆነሽ ነው የወጣሽው? ብትወድቂስ?”

“ዝም አልክብኛ። ሳልሰማህ የወጣህ መሰለኝ። ብጠራ ብጠራ…” በሥራው ተመስጬ አልሰማኋትም ነበር።

“ጩኸቱን አትወጂውም ብዬ እኮ ነው።”

“ማን እንደዚያ አለህ?”

“አንቺ! ጥርሴን፣ ጥርሴን ስትይኝ አይደል እንዴ የኖርሽው?”

“እሱማ እላለሁ። ታዲያ ምን ልበል? አንተ ትቆርጣለህ፣ እኔ እቆጣለሁ፤ እንዲሁ ነው የምንጫወተው። ሲጥ ሲል ልጄ አለ እላለሁ፣ እተኛለሁ።”

ደነገጥኩ። ግድግዳ የተጋራ ሰው ሰላም የሚባባለው በቁጣ እንደሆነ ከጎረቤታችን ጋር ሳውቀው ኖሬ፣ እናቴ ላይ ሲሆን እንዴት እንደጠፋኝ አልገባኝም። ለዓመታት ስታናግረኝ ኖራለች፤ እኔ ደግሞ ዝም የማሰኛ መሣሪያ ስመርጥላት ኖርኩ። አንድ በአንድ እግሯን እየያዝኩ አወረድኳት። አስተኝቼ፣ ጋቢዋን አልብሼ፣ ተመልሼ ወጣሁ።

ብዙም ሳልቆይ ስልኬ ጠራ። የፋርማሲዋ ሴት ናት።

“ነገርካት?”

“ቆይ፣ አሁን አንድ ነገር ተፈጥሮ…”

“አልነገርካትም።” አልተቆጣችም። “እሺ፣ እውነቱን ብቻ ንገረኝ። ለአከራዩ ነገ ምን ልበለው?”

ከሥሬ የእናቴ ድምፅ መጣ፦ “ማነው በዚህ ማታ?”

“ከሥራ ነው እማዬ” አልኳት። ስልኩ አፌ ላይ ነበር።

ቆጡ ላይ አጎንብሼ ጠበቅሁ፤ ቀና የምልበት ቦታ አልነበረም።

“ከሥራ ነኝ?” አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። “ሦስት ዓመት ሙሉ?”

“እንደዚያ ማለቴ አይደለም…”

“ገባኝ እኮ። በቃ። ነገ አትምጣ።” ዘጋችው።

“ምን አሉህ?” አለች እናቴ።

“ነገ አትምጣ አሉኝ።”

“ጎሽ” አለች፤ ጋቢዋን ስትከናነብ ሰማኋት። “እሑድ እኮ ነው። ማን ወዴት ይሄዳል?”