የየካቲት መብረቅ

ነፋስ ስልክ ውስጥ ደሞዝ እየተከፈለው ቅጠል የሚያቃጥል ሰው ነበር፤ ግዛው ይባላል። የሰፈሩ ሰው ሥራውን ከዚህ በተሻለ ሊረዳለት አልቻለም፤ እውነቱን ለመናገር ግዛውም የተሻለ ማብራሪያ አልነበረውም። የሚሠራበት የደን ምርምር ክፍል የተቀመጠው ከአንድ ሀብታም በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። ኃላፊው በሀብታሙ ሳሎን ተቀምጦ ደብዳቤ ይፈርማል፤ የግዛው ቤተ ሙከራ ደግሞ የሀብታሙ ልብስ ይታጠብባት የነበረች ክፍል ናት።

ከየደኑ የመጣ ቅጠልና ሣር ይመዝናል፣ ያደርቃል፣ መልሶ ይመዝናል፤ በመሐል የጎደለው ክብደት ውሃ ነው። ከዚያ ክብሪት ይለኩስበትና በስንት ደቂቃ እንደተያያዘ በእጅ ሰዓቱ ይቆጥራል። የሚያደርቅበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከተቃጠለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የእሳት ተመራማሪዎች ምድጃ ራሱ ተቃጥሎ መቅረቱን ግዛው በስብሰባ ላይ ሲያስረዳ ማንም አልሳቀም፤ ጊዜው በስብሰባ ላይ የሚሳቅበት አልነበረም። መለዋወጫ ይገዛልን የሚለው ደብዳቤ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ቅጠሉን በከረጢት ተሸክሞ ጎረቤቱ መሐሙድ ዳቦ ቤት ይሄዳል፤ የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ ምድጃው ለብ ሲል እዚያ ያደርቃል። አንድ ሰሞን የሰፈሩ ዳቦ ጥድ ጥድ ሸተተና መሐሙድ ዱቄቱን በሳል መድኃኒት አቡክቶታል ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁለት ጠባቂ አስከትሎ መጣ፤ አንዱን ዳቦ አሽትቶ በላው፣ ሁለተኛውንም ሳያሸት በላው፣ ጉዳዩ ይጣራል ብሎ ሄደ።

ክፍሉ በየገበሬ ማኅበሩ ቅጽ ይበትናል። "የእሳቱ መንስኤ ምንድን ነው?" ይላል ቅጹ። አንድ ዓመት ከተመለሱት ስልሳ ሁለት ቅጾች ሃምሳ ሰባቱ "ፀረ አብዮተኞች" ብለው መለሱ። አራቱ ባዶ ነበሩ። አንድ ገበሬ ብቻ "እኔ ነኝ፤ ለከብቶቼ አዲስ ሣር እንዲበቅል ብዬ ነው" ብሎ ጻፈ። ግዛው ይህን ሰውዬ ሳያውቀው ወደደው፤ በዘጠኝ ዓመት ሥራው ያገኘው እውነተኛ መረጃ ይኸው አንድ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ ግዛው፣ ኃላፊው ጓድ እስጢፋኖስና ሁለት ባልደረቦቻቸው ስለ ደን እሳት መከላከል ሊያስተምሩ ቆርኬ ደን ሄዱ። ጓድ እስጢፋኖስ ፀሐይ ላይ ለተቀመጠ ገበሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ገበሬው አጨበጨበ፤ ገበሬ ማኅበሩም አንድ በግ አቀረበ። በጉ እዚያው ደኑ ውስጥ ተጠብሶ ተበላ። በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ እንግዶቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ቆርኬ ተያያዘና ዘጠኝ ቀን ነደደ።

ሞልቱ የሚባል ማር ቆራጭ ሽማግሌ፣ ንብ የሚያጨስበትን ችቦ እንደያዘ እሳቱ አጠገብ ተገኘና ታሰረ። ፖሊስ ለምርምር ክፍሉ ቴሌግራም ላከ፦ የባለሙያ ሪፖርት በሃያ ቀን ውስጥ ይድረሰን፤ ተጠርጣሪው በአሻጥር ተከሶ ልዩ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በዚያ ዘመን በአሻጥር የተከሰሰ ሰው ፍርዱን ሳይሰማ ጎረቤት ያለቅስለት ነበር። እንግዲህ የሽማግሌው መትረፍም መሞትም አንድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ቴክኒሻን በሚጽፈው ወረቀት ላይ ወደቀ።

ግዛው ብቻውን ወደ ቆርኬ ተመለሰ። እሳት የሄደበትን መንገድ ማንበብ ያውቃል፤ ነፋስ የሚገፋው እሳት ግንድ ሲያልፍ በጀርባው በኩል ከፍ አድርጎ ያከስለዋል። ከግንድ ወደ ግንድ እያየ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አመድ ረገጠ። ከጥድ ችግኞቹ አንድም የተረፈ አልነበረም፤ ያ ደን ዳግመኛ ደን ቢሆን እንኳ የሚያየው የልጅ ልጁ ነው። ዱካው አንድ ገላጣ ቦታ ላይ አለቀ። እዚያ ክብ ነጭ አመድና የበግ መንጋጋ ጠበቁት።

"አጥፍተነው ነበር እኮ!" አለ ጮክ ብሎ፣ የሚሰማው ሳይኖር። ወዲያው ማን እንዳጠፋው ትዝ አለው። ሌሊቱን ሲሞቁት አድረው ሰኞ ጠዋት ሲነሡ ያጠፋው እሱ ነው። ያጠፋውም እናቱ ስታደርግ እያየ እንዳደገው ነው፤ ፍሙን ሰብስቦ፣ አመድ አልብሶ፣ ከላይ በአፈር ደልድሎ። ይህ ደግሞ ማዳፈን እንጂ ማጥፋት አይባልም። ክብሪት ብርቅ በሆነበት ቤት ያደገ ሰው እሳት አይገድልም፤ ለነገ ያስተኛዋል። አፈር መስሎት የደለደለውም የበሰበሰ ቅጠል ነበር። እጁ የለመደውን ሲሠራ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የዘጠኝ ዓመት ሳይንስ ጥብስ ያላምጥ ነበር።

የተዳፈነ ፍም በዚያ ዓይነት ብስባሽ ውስጥ ከሰኞ ጠዋት እስከ ማክሰኞ ቀትር ይቆያል? ነፋስ ስልክ ሲመለስ ከቆርኬ ያመጣውን ብስባሽ ይዞ በቀጥታ መሐሙድ ዘንድ ሄደ። ከምድጃው ጀርባ የጥድ ፍም ዳፈነ፤ ሠላሳ ሰዓት ጠበቀ፤ ገለጥ አድርጎ ደረቅ ቅጠል ጣል ሲያደርግበት ገና ሳይተነፍስበት ቦግ አለ።

መሐሙድ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ከት ብሎ ሳቀ። "ለዚህ ነው እንዴ መንግሥት የሚከፍልህ? የኔዋን ከድጃን ብትጠይቃት በነጻ ትነግርህ ነበር።"

ግዛው አልሳቀም። ቤቱ ገብቶ አሥራ አንድ ገጽ ጻፈ፤ የግንዶቹን ምልክት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የፍሙን ዕድሜ አንድም ሳያስቀር አሰፈረ። በመጨረሻ "የእሳቱ መንስኤ" በሚለው ላይ "የምርምር ቡድኑ በግ የጠበሰበት እሳት፤ የዳፈነው ግዛው ነው" አለ። ሚስቱ አማከለች አንብባው አጠገቡ ቁጭ አለች።

"አብደሃል? የኔን ቤት በትነህ የማን ቤት ልታቆም ነው?"

"ሽማግሌው ሊረሸን ነው እኮ፣ አማከለች። እኔ በበላሁት።"

ሪፖርቱን ጠዋት ለጓድ እስጢፋኖስ ሰጠው። ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

"ጓድ ግዛው፣ ይህን በግ ማን ማን በላው?"

"እርስዎም በልተዋል፣ ጓድ።"

"እኔ ጥቂት ነው የቀመስኩት።" ጓድ እስጢፋኖስ ግንባሩን ጠረገ። "ስማ። ይህ ወረቀት ከሄደ ሽማግሌው አይፈታም። እኛ አራታችን እንጨመርበታለን፤ አምስት ሆነን አንድ የአሻጥር ቡድን ተብለን እንቀርባለን። መብረቅ በል።"

"በየካቲት? ቁራጭ ደመና ሳይኖር?"

"መብረቅ አይታሰር፣ ዘመድ የለው፣ ድርጅት የለው። አንተ መብረቅ በል፤ ሰውዬው ነገውኑ ይወጣል።"

ግዛው ያቺን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ጠላት። ያገኘው ነገር እውነት እንደሆነ ያውቃል፤ ኃላፊው የተናገረውም እውነት እንደሆነ ያውቃል። በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ሳይንስ የሚባል ነገር ሠርቶ ነበር፤ ጓድ እስጢፋኖስ አሥራ አንዱን ገጽ ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ሲጥል ቆሞ አየ። ከዚያ በአንድ ገጽ ተኩል መብረቁን አወረደና ፈረመ።

ሞልቱ ተፈታ። ሪፖርቱም ተመሰገነ፤ ያለ ደመና ስለሚወርድ መብረቅ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመና ግዛው ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ። ወሬው በየገበሬ ማኅበሩ ደርሶ ኖሮ፣ ቀጥሎ ከተመለሱት ቅጾች አርባ ስምንቱ "መብረቅ" አሉ። ሊቃነ መናብርቱ ማንንም የማያሳስር መልስ በመገኘቱ ደስ ብሏቸው ነበር።

ሰኔ ላይ ሞልቱ ራሱ ሰው እየጠየቀ ነፋስ ስልክ መጣ። ባዶ እጁን ነበር፤ ሠላሳ አራቱም ቀፎዎቹ ነደዋል። ግዛው ልብስ ማጠቢያዋ ክፍል ውስጥ ወንበር ሰጠው።

"መብረቅ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ነፍሴን አትርፈዋል።" ሽማግሌው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። "ነገር ግን መንግሥት አመነ እንጂ መንደሩ አላመነም። ሰማዩን ሁሉም አይቶታል። ሞልቱ ነው ያቃጠለን፣ ዘመድ ኖሮት በውሸት አስፈታው ይላሉ። ዕድር ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠው ሁሉ ይነሣል። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እባክዎ መጥተው በአፍዎ ይንገሩልኝ።"

ግዛው ጥያቄውን በጥያቄ መለሰ። "ለምን እሳቱ ዘንድ ተገኙ ግን?"

"ጭስ አየሁ። ችቦዬን እንኳ ሳልጥል በቅል ውሃ ይዤ ሮጥኩ፤ አልበቃም። ሁለተኛ ቅል ብይዝ ኖሮ እላለሁ፤ እስር ቤት ሁሉ እሱን ነበር የማስበው።"

ግዛው እንባው መጣ። አሥራ አንዱ ገጽ ከተቀደደ ወዲህ ለማንም ያላነሣውን ያን ጊዜ ተናገረ፤ በጉን፣ ፍሙን፣ የገዛ እጁን።

ሞልቱ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አነሣ። "በጉም የኔ ነበር" አለ። "ለእንግዳ መዋጮ ብለው ወሰዱብኝ።" ከዚያ "እርስዎ" ማለቱን ተወ። "ተነሥና እንሂድ።"

አማከለች ሰምታ አልጮኸችም፤ ዳቦ ቋጠረችለት። እሷም ግዛውም፣ ይህን በአደባባይ ከተናገረ በኋላ ሥራ እንደማይኖረው፣ ምናልባትም ከዚያ የባሰ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

እሑድ ዕለት ግዛው በቆርኬ ዕድር ፊት ቆመ። እሳቱን ማን እንዳነደደው፣ እንዴት እንደዳፈነው፣ መብረቁንም ማን እንደፈጠረው ተናገረ። ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። ማሳዋ የተቃጠለባት አንዲት አሮጊት ከኋላ ድምፅዋን አሰማች።

"ስንት ዓመት ተማርክ፣ ልጄ?"

"ከሥልጠናው ጋር አሥራ ሦስት ዓመት፣ እማማ።"

"እና በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ እሳት ማጥፋት አላስተማሩህም?"

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ዕድሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ግዛው ጆሮው እስኪግል እያፈረ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። አሮጊቷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችና ሞልቱ አጠገቧ ተቀመጠ።