ከአንጋጫ የመጣው ዋንጫ

ሆሳዕና ገበያው አጠገብ ባለችው ሱቄ ብረት ድስትም፣ የበር ቁልፍም፣ ምድጃም እጠግናለሁ። ሰው ከሩቅ የሚመጣልኝ ግን ለዋንጫ ነው። የትምህርት ቤት ዋንጫ፣ የቀበሌ ዋንጫ፣ ጎኑ ተጨራምቶ፣ ጆሮው ተገንጥሎ፣ መቆሚያውን ምስጥ በልቶት ይመጣል፤ አቃንቼ እመልሰዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የበልጉ ዝናብ ሲጀምር አንድ ወጣት ዳይሬክተር ከአንጋጫ አንድ ዋንጫ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት የትምህርት ቤቱን ምሥረታ በዓል ሊያከብሩ ነው። በዕለቱ በሩጫ ለምታሸንፈው ተማሪ የሚሸለም ነገር ሲፈልጉ፣ ግምጃ ቤት ውስጥ ከተሰባበሩ ዴስኮች ሥር አገኙት። አንድ ጆሮ የለውም። ከመጥቆሩ የተነሳ ብር የተለበጠ ናስ መሆኑን ያወቅኩት በጣቴ ፈትጌ ነው።

“ይሠራል ጋሼ?” አለኝ።

“ይሠራል። ግን አትቸኩልብኝ።”

ያን ሰሞን ሥራዬን ቤት እየወሰድኩ ነበር የምሠራው። ባለቤቴ ኩላሊቷን ታማ አዲስ አበባ ድረስ ወስጃት፣ በመጨረሻ ሐኪሞቹ ቤቷ ትረፍ ብለው መልሰዋት ነበር። ትረፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

ዋንጫውን ከማዳበሪያው ሳወጣ ከትራሷ ቀና አለች።

“ከየት ነው?”

“ከእናንተ አገር። ከአንጋጫ።”

“እስቲ ወዲህ በለው።”

ጭኗ ላይ አስቀምጣ አገላበጠችው። ጥቁረቱን በአውራ ጣቷ እየጠረገች ብዙ ቆየችና፣ የተቀረጸው የትምህርት ቤቱ ስም ብቅ ሲል ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማሁ ወራት አልፈውኝ ነበር።

“ይሄን እኮ እኔ ነኝ ያሸነፍኩት” አለች።

ሰባተኛ ክፍል እያለች በዙሪያው ካሉ ትምህርት ቤቶች የመጡትን ልጃገረዶች ሁሉ በረጅም ርቀት ሩጫ ቀድማ ነበር። ሰልፍ ላይ ዋንጫውን አንድ ጊዜ አሳቀፏትና መልሰው ወደ ቢሮ ወሰዱት። ለቤተሰብ አልተናገረችም፤ ሴት ልጅ ሰው ፊት ስትሮጥ መታየቷ ለእናቷ ውርደት ነበር። በኋላም ሩጫውን ተወችው። ተጋብተን ልጆች ወልደን አሳድገን፣ እኔ በየቀኑ የሰው ዋንጫ እያንኳኳሁ፣ አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“ምን ብዬ? ዋንጫው እኔ ጋ የለ።”

አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሠራሁት። የገባውን ጎን ከውስጥ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ አወጣሁ። በቀረው ጆሮ ልክ ሌላ ከናስ ቆርጬ በየድኩለት። ማጽዳቱን እሷ አልሰጥም አለች። ብሩ ስስ ስለሆነ ከበረቱበት ይላጥና ናሱ ይወጣል፤ ለስላሳ ጨርቅና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ትንሽ ታሻለች፣ ይደክማታል፣ ዋንጫውን ጎኗ እንዳደረገች ታንቀላፋለች።

ለዳይሬክተሩ ደውዬ ብነግረው መጮህ ቀረው። “እንግዲያው ሽልማቱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው!” አለ። ስነግራት ሳጥን ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ቀሚሷን አውጣልኝ አለችኝ። ሰውነቷ አልቆ ቀሚሱ ሰፍቷት ስለነበር እንዲጠብላት ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ሰጠሁት።

በዓሉ ሳይደርስ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰፈሩ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ዐረፈች። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን አጣጥፋ ይዛ ለቅሶ መጣች። ማን እንደተቀበላት አላውቅም።

ዳይሬክተሩም ሊያስተዛዝነኝ መጥቶ ነበር። ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ፣ “በእሳቸው ቦታ እርስዎ ይስጡልን” አለኝ። አልችልም አልኩት። ያን ጊዜ ለለቅሶ ከአንጋጫ የመጡት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከኋላችን ቆመው ሲሰሙ ነበር። ልጃቸው ሮጣ ማሸነፏን ያወቁት በዚያው ለቅሶ ነው። “እኔ እሰጣለሁ” አሉ። ዞር ብዬ አየኋቸው።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ጭቃ ነበር። ያሸነፈችው ልጅ እስከ ጉልበቷ ተለውሳ፣ እያለከለከች መጣች። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ዋንጫውን ይዘው ወጡ። ሰዉ አጨበጨበ። ልጅቷ አንዱን ጆሮ ያዘች። አማቴ ግን አልለቀቁም።

ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቆመ። ዳይሬክተሩ እኔን አየኝ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

“እማማ፣ ይስጧት።”

“ትንሽ ልያዘው ልጄ” አሉኝ። “ትንሽ ብቻ።”

ልጅቷ አልጎተተችም። አንገቷን ደፍታ አብራቸው ይዛ ቆመች። አማቴ ፊታቸውን ዋንጫው ላይ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። ከዚያ ልጅቷን በሁለቱም ጉንጯ ስመው ለቀቁላት።

ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው ክንዴን ይዘው ነበር። ልንደርስ ስንል ቆሙ።

“ስትሮጥ ታምር ነበር?” አሉኝ።

“አላየኋትም እማማ። እኔ ሳገኛት ትታው ነበር።”

“እኔም አላየኋትም” አሉ። “አንድ ቀን እንኳ ሄጄ ባያት ምን ነበረበት?”

የአጥሩን በር ከፍተው ገቡ። እኔ ወደ መናኸሪያ ወርጄ የሆሳዕና ሚኒባስ ያዝኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ስለ ዝናቡና ስለ ስንዴው ሲያወራኝ መጣ። አዎ፣ አዎ እለው ነበር። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እያለቀስኩ መሆኑን ያወቀው ዘግይቶ ነው።