ባትሪው ወጥቶ የሠራው ዩፒኤስ

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል መተማ ዮሐንስ ላይ ነው። ምክንያቱን ያወቅሁት በዚያኑ ቀን ነው። ግን ምክንያት ማወቅና ፍርሃት መልቀቅ ለየቅል መሆናቸውን ስላየሁበት ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ሸሕዲ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ። ሰው ጋኔን ሲል ፊውዝ፣ ሰው መንፈስ ሲል የላላ ብሎን የምል ሰው ነኝ። ሲስተር አበባ የምትባል የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ደውላ “ዩፒኤሱ የሚሰጠው ኃይል እየወረደብን ነው፤ ድረስልን” ስትለኝ በሚኒባስ ሄድኩ። ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዕቃ ነው።

የሕሙማኑ ክፍል በር ላይ አስቆመችኝ። “አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትስቅብኝ” አለች። ከወራት በፊት፣ ዩፒኤሱ ገና ሳይገዛ፣ መብራት ጠፍቶ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ የቀን ሠራተኛ ኦክስጅን ተቋርጦበት ሞቷል። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ፣ ዩፒኤሱን ቢያጠፉትም የኦክስጅን ማሽኑ ብቻውን ይነሳል። የጽዳት ሠራተኛዋማ “ሟቹ ነው” ብላ ክፍሉን መርገጥ ትታለች።

“ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ!” አልኳትና ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አልጋው ላይ ለምንጣሮ ሥራ ከጎጃም የመጣ ወጣት ተኝቷል። ሳንባውን ታሞ ያለ ማሽኑ መተንፈስ ያቅተዋል። ታላቅ ወንድሙ ራስጌው ተቀምጦ እጁን ይዞታል።

መሣሪያዬን ሳወጣ ሀቡብ መጣ፤ ከሱዳን በኩል የሚነሳውን የአቧራ ማዕበል እንዲያ ነው የምንለው። በቀትር ክፍሉ ጨለመ። ወዲያው መብራት ሄደና ዩፒኤሱ ይጮህ ጀመር። መውጫውን በቴስተር ለካሁት። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት መስጠት ሲገባው መቶ አርባ እንኳ አይሞላም። የኦክስጅን ማሽኑ ያቃስታል።

“ለትንሽ ጊዜ ላጥፋው፣ ይችላል?” አልኳት።

“ይችላል፤ ግን በእናትህ ፍጠን።”

ዩፒኤሱን አጠፋሁት። ስፒናውን ከግድግዳው ነቀልኩ። ክዳኑን ከፍቼ ባትሪዎቹን አወጣሁና እግሬ ሥር አስቀመጥኳቸው። ማሽኑ ጸጥ ሲል የልጁ ማጣጣር ብቻ ቀረ። ወደ ክፍሉ ሶኬቶች የሚሄደውን ሽቦ ብሎን አላላሁ። በጣቶቼ ልመዘው ስል የኦክስጅን ማሽኑ ተነሳ።

ክው አልኩ። ጣቴ ከሽቦው የጥፍር ያህል ነበር የቀረው። ቴስተሩን አስጠጋሁ፤ ድፍን ሁለት መቶ ሃያ። ባትሪው እግሬ ሥር፣ ስፒናው ወለል ላይ። ከየት መጣ? ላብ አጠመቀኝ። ሲስተር አበባ አማተበች።

“ኧረ ወንድምዓለም፣ ምን ጉድ ነው?” አለኝ ወንድምየው።

በዚያች ደቂቃ እኔም ሟቹን አምኜ ነበር፤ አላፍርበትም። ልጁን ሳየው ግን ትንፋሹ እየተመለሰ ነው። ማንም ይሁን፣ ክፉ አይደለም አልኩ በልቤ።

ትንሽ ስረጋጋ ሽቦው በግድግዳው አልፎ ለኋላው መጋዘንም እንደሚሰጥ አስተዋልኩ። የስልኬን መብራት አብርቼ ገባሁ። ከግሉኮስ ካርቶኖቹ ጀርባ አንድ ገመድ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ በመስኮቱ ይወጣል። ሶኬቱ ኃይል እየሰጠ ሳይሆን እየተቀበለ ነበር።

ፊቴን በፎጣ ጠቅልዬ ገመዱን ተከተልኩ። አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤቱ ነጋዴ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ገባ። ለፍሪጃቸው ያስተከሉት ሶላር አላቸው።

“ሐጂ፣ ይህን ገመድ ማን ነው የዘረጋው?”

“እኔ ነኝ። በዚያ በኩል የክሊኒኩ ዘበኛ ሰካልኝ፤ እሱም የእርሻ ጥበቃ አግኝቶ ገለጉ ወረደ” አሉ ረጋ ብለው። “ያ ምስኪን የሞተ ቀን የጓደኞቹ ልቅሶ በግድግዳው ይሰማኝ ነበር። እኔ እዚህ ለስላሳ አቀዘቅዛለሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰው ትንፋሽ አጥቶ ይሞታል። ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ ይችን ማብሪያ እጫናለሁ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?”

“ሰደቃ ይወራል እንዴ ልጄ?”

እንዴት ልንገራቸው? ግን ነገርኳቸው። ዩፒኤሱን ያበላሸው የሳቸው ኃይል ከራሱ ኃይል ጋር እየተጋጨ መሆኑን፣ እኔም ለጥቂት መትረፌን።

ፊታቸው አመድ መሰለ። “አንዱን ሞት ሰምቼ ሌላ ልጨምር ነበር?” አሉና እጃቸው ወደ ማብሪያው ሮጠ።

ክንዳቸውን ለቀም አደረግሁ። “አይንኩት ሐጂ! ልጁ በሱ ነው የሚተነፍሰው!”

ሊገድለኝ የነበረው መስመር እንዳይቋረጥ የለመንኩት እኔው ነኝ። ሀቡቡ አልፎ መብራት እስኪመለስ ድረስ፣ ማንም እንዳይነካው ማብሪያዋ አጠገብ አብረን ቆምን። ሐጂ ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔም ዓይኔን ከማብሪያዋ አልነቀልኩም።

ኋላ ሁለቱ ኃይሎች እንዳይገናኙ የሚያደርግ መቀያየሪያ ገጠምኩላቸው። ልጁም ድኖ በእግሩ ሄዶ አውቶቡስ ተሳፍሯል።

እኔ ግን እስካሁን ያጠፋሁትን ዕቃ አላምነውም። ሱቄ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ሽቦ ልነካ እጄን ስዘረጋ ብርድ ብርድ ይለኛል። ወዲያው የዚያ ልጅ ትንፋሽ ሲመለስ ይሰማኛልና ደስ ይለኛል። ፍርሃቱና ደስታው ሁሌም አብረው ነው የሚመጡብኝ።