ትከሻዬ ላይ የቀረው እጅ

በአሮጌው የሚኒስትሪ መፈተኛ ካርዴ ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ትከሻዬን ያቀፈ የሰው እጅ አለበት። የማስተምራቸው ልጆች ባዩት ቁጥር «ቲቸር፣ ይሄ ደግሞ የማን ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። የሀዋ ነው።

ልጅ እያለን መንደራችን ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ነበር። ስምንተኛ ክፍል የደረስን ሴቶች እኔና ሀዋ ብቻ ነበርን፤ እኩዮቻችን ወይ ተድረዋል ወይ ሰሊጥ አረም ላይ ናቸው። ለካርዱ ፎቶ አምጡ ስንባል፣ በገበያ ቀን የሚመጣው ፎቶ አንሺ ፊልሙ አልቆ አንዲት ብቻ ቀርታው ነበር። «ተቃቀፉና ተነሡ፤ መቀስ ይለያችኋል» አለን። አጥቦ ሲያመጣው በአባቷ ሱቅ የጨርቅ መቀስ ከመሀል ቆረጥነው። እጇ እኔ ጋ ቀረ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሐሳባችን ያለቀለት ነበር። አልፈን ገንዳ ውሃ ዘጠነኛ ክፍል እንገባለን፤ አንዲት ክፍል እንከራያለን። አባቷ ግን ካላለፈች ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላለ ዘመዳቸው ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ፈተናው ላይ እንኳ እንደማንለያይ እናውቅ ነበር፤ የሚያስቀምጡን በፊደል ተራ ስለሆነ እኔ ሀብታም ከፊት፣ ሀዋ ከኋላ።

የፈተናው ዕለት ጥቁሩ መሬት ላቁጦ ወደ መፈተኛው ትምህርት ቤት ከትራክተር በቀር የሚያልፍ አልነበረም። ሌሎቹ ተፈታኞች ተሳቢው ላይ ተጭነው ሲጠብቁኝ ሀዋ ቤት ሮጥኩ። ወባ ጥሏታል። ብርድ ልብስ ተደራርቦላት ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ሂጅ አንች፣ ከኋላሽ ነኝ» አለችኝ።

እናቷም ትንሽ ሲለቃት በሚቀጥለው ትራክተር እንደሚልኳት ነገሩኝ። አመንኩ።

ክፍሉ እርጥብ ጫማና የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ፈታኙ የእሷን ወረቀት ከኋላዬ ያለው ባዶ ዴስክ ላይ አኖሩት። ውጭ ሞተር በጮኸ ቁጥር ወደ በሩ እዞራለሁ፤ «ወደ ፊትሽ!» ይሉኛል። ለእኔ ግን ሁሉም ነገር ከኋላዬ ነበር። ሰዓቱ አልቆ ያን ንጹሕ ወረቀት ከእኛው ጋር ሰብስበው ሲወስዱት እንባዬ መጣ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ብቻዬን ነበርኩ።

አለፍኩ። ገንዳ ውሃ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ማታ ማታ የማዋራው አጥቼ ትምህርቴን ጮክ ብዬ ለግድግዳው አነብ ነበር። ሀዋ ሰሊጡ ሳይታጨድ ገዳሪፍ ገባች።

ዛሬ ተማሪዎቼን ለካርዱ ፎቶ በስልክ ነው የሚያነሷቸው። ፊታቸው ይጠራል፣ ጠርዙ ይስተካከላል፣ የማንም እጅ አይገባም። ፊልም አለቀ የሚባል ነገር የለም፤ ደግ ነው። እኔ ግን ፈታኝ ሆኜ ስመደብ አሁንም ባዶ ዴስክ ሲያጋጥመኝ በሩን አያለሁ።

ባለፈው ሀዋ ቁጥሬን ከዘመድ አግኝታ የእሷን ግማሽ ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። ትስቃለች፤ ክንዷ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያልቃል። ከሥሩ ድምፅ ቀድታለች። አማርኛዋ ዐረብኛ ዐረብኛ ይላል፤ ሳቋ ግን ያው ነው።

«ሀብታም፣ እጄ ደህና ነው?»