ቅሬያችንን የዘጋብን ማሽን

ደሴ ውስጥ የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ጸሐፊ ነኝ። በኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ስልክ አያነሳም፤ መርዶ የሚያሳውቀው ቅሬው ነው። ዘመድ ኮምቦልቻ ካለ ለኮምቦልቻው ቅሬ እንደውላለን፤ የእነሱ ጠሪ ቤት ለቤት ዞሮ ይናገራል። እያንዳንዱ ቅሬ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ደንብ አለው፤ ግን ይደማመጣል። አባቶቻችን ይህን ሲሠሩ ማንንም አላስፈቀዱም።

እኛ አወቅን ባዮቹ ጠሪዎቹን አሰናበትን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔው ነኝ። አገር ሁሉ በሚጠቀምበት አንድ ትልቅ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ ከፈትኩ፤ የሁለቱም ከተማ ቅሬዎች ገቡበት፤ ከዚያ ወዲህ መርዶ የምንለጥፈው እዚያው ሆነ።

አንድ ቀን ንጋት፣ ሱብሒ ላይ ጎረቤቴ ሞተ። መርዶውን ለጥፌ ወደ ቤቱ ሮጥኩ። ታላቅ እህቱ የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጠበቅናቸው። ቀትር ሆኖ ዙህር ተሰገደ፤ ጀናዛው ወጣ። እሳቸው የደረሱት ከቀብር ስንመለስ ነው፤ እሱንም ገበያ ላይ ከሰው አፍ ሰምተው።

ስልኬን ከፈትኩ። ገጹ የለም። ተመሳሳይ መልእክት ደጋግማችሁ ስለለጠፋችሁ ተዘግቷል ይላል። መርዶውን ሁሉ የምንጀምረው «ኢና ሊላሂ» ብለን ነበር። ታዲያ ሰው በሞተ ቁጥር አዲስ ነገር እንፍጠር? አቤት የምልበት ሰው ብፈልግ ያገኘሁት ቅሬታ መጻፊያ ሳጥን ነው። ጻፍኩ፤ ማሽን መለሰልኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ያንኑ መለሰልኝ። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። ሟቾቻችንን የማያውቅ ማሽን በመርዷችን ላይ ዳኛ እንዲሆን የፈቀድኩት እኔ መሆኔ ደግሞ የባሰ ያንገበግበኛል።

በወሩ ቅሬው ተሰበሰበ፤ እህትየውም መጥተው ነበር። አባላችን የሆነ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አንድ ኩባንያ ብቻውን የማያዝበት ማኅበራዊ መረብ አለ ብሎ ሊያስረዳ ተነሳ። ሰርቨር አለ፤ ፕሮቶኮል አለ፤ ሽማግሌዎቹ ማዛጋት ጀመሩ። በገንኩ። እንዲህ ያለ ጠቃሚ ነገር ይዘው ሰውን በማይገባው ቃል ያባርሩታል! አቋረጥኩት። ይኼ እኮ ቅሬ ነው አልኳቸው። የኛ የኛ ነው፤ ኮምቦልቻም የራሷ አላት፤ ሁለቱ ግን ይደማመጣሉ። የአንዱ ቢዘጋ የሌላው አይዘጋም። ዳኛው ቢበድለን ዘመድ ወዳጃችንን እንደያዝን ወደ ሌላው እንገባለን።

መምህሩ ልክ ነው አለ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የጨረስን መሰለኝ።

ይኼኔ እህትየው ከሴቶቹ መሀል ተነሱ። እስከዚያ ቀን አንዲት የወቀሳ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።

«ወላሂ፣ የወንድሜን ፊት ሳላይ ነው የቀበራችሁት» አሉ። «ይኼኛውስ ሲዘጋ የማንን በር ነው የማንኳኳው?»

መምህሩ የኛ ገጽ የሚያድርበት ኮምፒውተር የሚቀመጠው እሱ ቤት እንደሆነ ቀስ ብሎ አስረዳና፣ «የኔን በር፣ እናቴ» አለ።

«ቤትህ የት ነው?»

ወደ ገራዶ በሚወስደው መንገድ ዳር መሆኑን ነገራቸው።

«እንግዲያው ተነስ፣ አሳየኝ።»

እሱ ፊት፣ እሳቸው ኋላ ሆነው ወጡ፤ እኛም ስብሰባውን ትተን ተከተልናቸው። በሩን በገዛ እጃቸው ሳያንኳኩ እሺ አላሉም።