ዳልቻው በሬ ለጨረታ የቀረበ ዕለት

በዚያ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከወይራው ሥር የነበርነው እነዚህ ነን። የእናቴ የንስሐ አባት፣ አባ የምንላቸው፤ ጨረታውን የሚያጫርቱት እሳቸው ነበሩ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር። የጉባኤው ገንዘብ ያዥ፤ ዳባት ገበያ እህል የሚነግድ ሰው ነው። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ። በግቢው የሚኖሩ አንዲት መነኩሲት። እናቴ፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። እኔ፤ የዳልቻውን በሬያችንን ገመድ ይዤ። ከኋላችን የቆመው ምእመን ሃያ ቢሆን ነው። ከሁላችን የአባቴን ተዝካር ያልበላ አልነበረም።

ዕዳውም የመጣው ከዚያው ተዝካር ነው። እናቴ ለድግሱ ከነጋዴው ሁለት ኩንታል ገብስ ተበደረች፤ በዓመቱ ሦስት ልትመልስ። የዚያን ዓመት አዝመራችንን ውርጭ መታው። የንስሐ አባቷ ድግሱን አሳንሺው አላሏትም። ብለዋት ከሆነ እኔ አልሰማሁም።

አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ ይህን ሐሳብ ይዘው ቤታችን መጡ። ለድሆች ከተሰበሰበው ምጽዋት ላይ የሦስቱ ኩንታል ዋጋ፣ ሃያ አንድ ሺህ ብር፣ ለነጋዴው ይከፈልላታል፤ እናቴም በፈቃዷ ለታቦቱ የምትችለውን ትሰጣለች። እኔ የቱሪስት ዕቃ በበቅሎ ጭኜ ሳንቃ በር፣ ተራራው ላይ ካለው ሰፈር ነበርኩ። ስመለስ የምትችለው ነገር በሬው ሆኖ ጠበቀኝ።

«በሬ ብሎ የጀመረው ማን ነው?» አልኳት።

«እኔው ነኝ መሰለኝ።»

መሰለኝ ማለቷ አላማረኝም። በሬው ከሄደ ከአጎቴ በሬ ጋር መቀናጀት ይቀራል፤ መሬታችንን ለሌላ ሰው በእኩል መስጠት ግድ ይሆናል።

ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ከብት በእኛ አገር እዚያው ግቢ ውስጥ ይጫረታል። ጨረታው ሊጀመር ሲል የንስሐ አባቷና ነጋዴው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ቆመው ሲነጋገሩ አየኋቸው። ንግግራቸው አልተሰማኝም።

«አስራ ስምንት ሺህ» ብሎ ነጋዴው ጀመረ። ደባርቅ ገበያ ቢወጣ ከአርባ አያንስም ነበር።

«ጋሼ፣ ይኸ የቀንዱ ዋጋ ነው ወይስ የበሬው?» አለ አጎቴ።

«አንተ ጨምራ! ከአፍህ ሌላ ምን አለህ?»

አጎቴ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የዘር ብድር ነበረበት። ከኋላ ከቆሙትም ብዙዎቹ የዚሁ ሰው ባለዕዳዎች ነበሩ።

«ምነው፣ ዛሬ ሰዉን ሁሉ ሆዱን አመመው?» አሉ መነኩሲቷ።

አባ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «አንደኛ! ሁለተኛ!» አሉ። እኔ ገመዱን መዳፌ ላይ ጠመጠምኩት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው «አስራ ዘጠኝ» አሉ።

«አባታችን፣ አጫራችም ይጫረታል እንዴ?» አለ ነጋዴው። ሲናገር ይስቃል።

«ለታቦቱ ነው የጨመርኩት። አንተስ ማን ከለከለህ?»

አልጨመረም። በሬው ለአባ ጸና። ወደ እናቴ ዞረው «በሬው ካንቺው ዘንድ ይዋል፣ ልጄ። ልጅሽ የኔንም መሬት ይረስልኝ» አሉ። እናቴ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ በሬውን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በየሰኔው የአባን ሁለት ጥማድ መሬት አስቀድሜ አርሳለሁ፤ የእኛ ገብስ ዘግይቶ ይዘራል፣ ሳይደርስም ውርጩ ያገኘዋል። አስራ ዘጠኙን ሺህ ከየት እንዳመጡት የጠየቀ የለም። ለሁለት ብር የሚከራከር ነጋዴስ አርባ ሺህ የሚያወጣ በሬ ለአንድ ሺህ ብር ጭማሪ ብሎ እየሳቀ እንዴት ተወ? ይህን ስል እናቴ ትቆጣለች፤ «ኃጢአት አታብዛ፤ በሬው እደጃችን ታስሮ የለም ወይ?» ትለኛለች። ታስሯል። ባለቤቱ ግን እኛ አይደለንም።

እንግዲህ ከወይራው ሥር የነበራችሁ፣ ያጎደልኩት ካለ ሙሉልኝ። ሊቀ መንበሩ ቤታችን የመጡ ቀን አብሯቸው የነበረ ሰው ካለ፣ በሬ የሚለውን ማን አስቀድሞ እንዳነሳው ይንገረኝ። ለዕቃ ቤቱ ቀርቦ የቆመም ካለ፣ ያኔ የተባለውን አይደብቀኝ። ደግ ነገር ተነጋግረው ከሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። ሰኔ ሳይገባ፣ በሬውን መጀመሪያ በማን መሬት ላይ እንደምጠምድ መወሰን አለብኝ።