የኋላው በር

የሰፈሩ ሰው ለትምህርት ቤት ግብር ይጨመርብን ብሎ ድምፅ ስለሰጠ አዲስ የተማሪዎች ባስ ተገዛ። ለጉብኝት በተከፈተበት ቅዳሜ ሌላው ሁሉ መሪውን ሲነካካ፣ የኤርፖርት ሠራተኛ ባጅ ያንጠለጠሉ አንድ ሽማግሌ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄዱ። ሾፌሯ ጋዲሴ ዓይኗን ከሳቸው ላይ መንቀል አቃታት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የኋላ በር ከውስጥ ይከፈታል?»

«እንዴታ አባባ! ኢመርጀንሲ በር ነዋ።»

«ለሕፃን ጉልበትም?»

«ይሞክሩት።»

ተንበርክከው ቁመታቸውን የሕፃን አሳከሉና እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ አነሱት። በሩ ወለል አለ፤ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ እሳቸው ግን አልደነገጡም። ዘግተው ደግመው ከፈቱት።

«የልጅ ልጅ እዚህ ይማርልዎታል?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ለማን ብለው ነው?»

«ልጄ የነበረችበት ባስ በር አልከፈት ብሎ ነው ያጣኋት። ይሄኛው እንኳ ይከፈታል» አሉ፣ እሷን ሳይሆን በሩን እያዩ።